በጅረቱ ዳር ሰባት ወጥመድ

ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ፤ እግሬ ግን እስካሁን ወሬውን አልሰማም። ጎህ ሊቀድ ሲል ከእኔ ቀድሞ ይነቃል። ዓይኔን ሳልገልጥ ጭቃው ይሸተኛል፣ ሸምበቆው ሲንሿሿ ይሰማኛል፣ ጉሙ ከውሃው ላይ ቀስ እያለ ሲነሳ አየዋለሁ። ከዚያ ጎረቤቴ መኪናውን ያስነሳና ጆሐንስበርግ ዳር፣ ዛንድስፕሩት ሰፈር፣ አልጋዬ ላይ መሆኔን አውቃለሁ። እንዲህ ተጋድሜ ስንት ወጥመድ ጎብኝቼ እንደምመለስ እግዜር ይወቀው። ባለቤቴ "ሰውዬ፣ ወይ ተነስተህ ሂድ ወይ ተኛ!" ትለኛለች።

ማዳም ሪታ፣ የድርጅታችን ባለቤት፣ መሸኛ ብላ ኬክ አስቆረሰችኝ። ስጦታዬን ስፈታው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? አዲስ የጎማ ቦት ጫማ! ጉልበቱ አልቆ ከወንዝ ለተሰናበተ ሰው ቦት! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሷም ገብቷት አብራኝ ሳቀች። ቦቱን ጓሮ ውስጥ ጎመን ሳጠጣ አደርገዋለሁ።

ሥራዬ ምን እንደነበር አገር ቤት ያሉት ዘመዶቼ እስካሁን በቅጡ አልገባቸውም። ጆሐንስበርግ ያለ ሐበሻ ወይ በጥቁሮቹ ሰፈር፣ በታውንሺፕ፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለው፣ ወይ ጀፕ ጎዳና ላይ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል፣ ወይ ምግብ ቤት ይሠራል። እኔ ፋሮ አጥማጅ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ሆሳዕና ላይ ለሰው ሲነግር "እንስሳት ሕክምና ውስጥ ነው" ይላል አሉ። ተውኩት፣ ደስ ካለው ይበል።

ፋሮ ስላችሁ አገር ቤት ዶሮ የሚጨርሰውን ታውቁታላችሁ። እዚህ ያለው የወንዙ ዓይነት ነው። ድመት ያህላል፣ ጠጉሩ ጥቁር ቡናማ ነው፣ ከውሃ ወጥቶ አንዴ ከተራገፈ ደረቅ ነው። ፈረንጅ አገር ሚንክ የሚሉት፣ ለጠጉሩ ሲባል በየወንዙ ዳር የሚጠመድ አውሬ አለ፤ ማዳም ሪታ ፎቶውን ስታሳየኝ የኛው ፋሮ መስሎኝ ነበር። የኛው የሚጠመደው ግን ለጠጉሩ ሳይሆን በአመሉ ነው። ስፕሩት ይሉታል ጅረቱን፤ በስፕሩቱ ዳር ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ሰዎች ኮይ የሚባል ቀይና ነጭ የጃፓን ዓሣ በኩሬ ያረባሉ። ፋሮው በጎርፍ መውረጃው ቱቦ ሽቅብ ይገባና አንድ በአንድ ይለቅምላቸዋል። ያን ጊዜ ስልካችን ይጮሃል። እኛም በሽቦ ሳጥን ሳይጎዳ እናጠምደውና፣ ፐርሚታችንን፣ የመንግሥት ፈቃዳችንን፣ ይዘን፣ ከከተማው ውጭ ረግረግ ላይ እንለቀዋለን።

እንዴት እዚህ ውስጥ ገባህ በሉኝ። መጀመሪያ ቮስሎሩስ በሚሉት ታውንሺፕ፣ የአክስቴ ልጅ ሱቅ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። ዱቄት ላይ ተኝቼ ዱቄት ስሸጥ ነበር። ከዚያ ዛንድስፕሩት ሌላ ሱቅ ከፈትንና እኔ ተላክሁ። ደንበኛው ሁሉ "ማይፍሬንድ፣ ዳቦ! ማይፍሬንድ፣ ኤርታይም!" ይለኛል። ስሜን የጠየቀኝ አልነበረም።

አንድ ሽማግሌ ግን ነበሩ። በየሳምንቱ መጥተው ፒልቻርድ የሚሉትን የቆርቆሮ ዓሣ ስድስት ስድስት ይገዛሉ። ዳቦ የለ፣ ዘይት የለ፣ ስኳር የለ። አንድ ቀን አላስቻለኝም።

"ንታቴ፣ ቤትዎ ዓሣ ብቻ ነው እንዴ የሚበላው?" አልኳቸው። ንታቴ በሶቶ ቋንቋ አባባ እንደማለት ነው።

"ለእኔ አይደለም፣ ለደንበኞቼ ነው" አሉ። "እነሱም እንዳንተ ደንበኞች ሳይከፍሉ መሄድ ይወዳሉ። ስምህ ማነው?"

"ማቴዎስ።"

"እኔ ፔትሩስ ነኝ። ሁለታችንም ከመጽሐፉ ነን" ብለው ሳቁና ሳቁ ወደ ሳል ዞረባቸው። ወጣትነታቸውን ወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነው የጨረሱት፤ ያ አቧራ ደረታቸው ውስጥ ቀርቷል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃዬም አባቴም እሳቸው ሆኑ።

በማግስቱ ሱቅ ሳልከፍት ወደ ጅረቱ ይዘውኝ ወረዱ። ያን ጠዋት አሁንም በሕልሜ አየዋለሁ። ጉሙ ወገባችን ድረስ ነው፣ ከተማው ጠፍቷል፣ የሚሰማው ውሃው ብቻ ነው። ንታቴ ትከሻዬን ጫን አድርገው አስቀመጡኝ። ከሸምበቆው ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ወጣ። አፉ ላይ ሸርጣን ይዟል። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ በኋላ እግሮቹ ቆመ፣ ሸርጣኑን በፊት እጆቹ ያዘ፣ ከፍ አደረገና ጧ! ድንጋዩ ላይ ፈጠፈጠው። እንደገና አነሳ፣ ጧ! ከዚያ ቁጭ ብሎ እንደ ሰው እየለየ በላ። እኔ ትንፋሼን ውጬ አያለሁ። ስንት ዓመት ከፍርግርግ ጀርባ ሆኜ ይህ ሁሉ ከሱቄ በታች ነበር? ልቤ እዚያው ቀረ።

ሱቁን ለአክስቴ ልጅ ስመልስለት "አውሬ ልትጠብቅ ነው ከሆሳዕና ድረስ የመጣኸው?" ብሎ አላገጠብኝ። ደመወዙ ከሱቁ ያነሰ ነበር፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን ሄድኩ።

ንታቴ ፔትሩስ አስተማሪ አልነበሩም፤ ሲሠሩ ታያለህ፣ ካልገባህ እንደገና ታያለህ። ሳጥን በሳሙና አይታጠብም፤ በጅረቱ ውሃ ታጥቦ በጅረቱ ጭቃ ይታሻል። አውሬው የሚረግጣት የብረት ምላስ በእርጥብ ቅጠል ትሸፈናለች። የዓሣውን ቆርቆሮ አይከፍቱትም፤ በሚስማር ሦስት ቦታ ይበሱታል፣ ሽታው ብቻ እንዲንጠባጠብ። ሳጥኑ ላይ እርጥብ ጆንያ ይለብሳል፤ የተያዘው ጨለማ ካገኘ ይረጋጋል፣ ብርሃን ካየ ጥርሱን በሽቦው ይሰብራል። ከሁሉም በላይ ቦታው ነው። መንገዱን በዱካ ያገኙታል፤ የፋሮ ጣት ረዘም ረዘም ብሎ የተበተነ ነው፣ በመሃሉ ቆዳ የለውም። ኩሱ ውስጥ የሸርጣን ስብርባሪ ካለ እሱ ነው። አንድ ባለ ኩሬ ሰውዬ "ፋሮ ነው የጨረሰኝ!" እያለ ሲጮህ፣ ንታቴ ጭቃውን ጎንበስ ብለው አዩና "ጌታዬ፣ የርስዎ ሌባ ክንፍ አለው" አሉት። እውነትም በሦስተኛው ቀን ረጅም እግር ያለው አሞራ ኩሬው ውስጥ ቆሞ ተገኘ። ሰውየው ይቅርታ አልጠየቀም፤ ንታቴም አልጠበቁም።

ሁለት ነገር ግን በአፋቸው ነው የነገሩኝ። አንደኛው፦ የተያዘውን ሁሉ ከማንሳትህ በፊት ሳጥኑን አዘንብለህ ሆዱን እይ። ሴት ከሆነችና ጡቷ ዙሪያ ጠጉሩ ከሳሳ ታጠባለች፤ እዚያው ልቀቃት። ደንበኛው ቢቆጣም ይቆጣ። ሁለተኛው፦ ሰማይ ሲጠቁር ሰባቱንም ሳጥኖች ምንም እንዳይገባባቸው ዝጋ። የጆሐንስበርግ የክረምት ዝናብ ከሰዓት ላይ ነው የሚመጣው፤ አንተ ጋ ሳይዘንብ ከላይ ይዘንብና ጅረቱ ባንድ ጊዜ ግድግዳ ሆኖ ይወርዳል። ሳጥን ውስጥ ያለ ደግሞ መሸሻ የለውም። ለመንግሥት በየወሩ በምንሞላው ወረቀት ላይ "በወጥመድ የሞተ" የሚል ቦታ አለ። በንታቴ ዘመን እዚያ ቦታ ላይ ከዜሮ በቀር ተጽፎ አያውቅም። በዚያች ዜሮ ይኮሩ ነበር፤ ሌላ የሚኮሩበት ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ።

አንድ ዓመት ላይ ደረታቸው ጠናባቸው። ሐኪሙ ውሃ ውስጥ መግባት ከለከላቸው። ሳጥኖቹን አስረከቡኝና "ከዛሬ ጀምሮ ሰባቱም ያንተ ናቸው" አሉኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሁለት ሳምንት በደንብ ሠራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ጠዋት ሰባቱንም አየሁ፣ ባዶ ናቸው። ባለ ኩሬዋ ሴትዮ እየደወለች ስለነበር አዲስ ዓሣ አደረግሁና እንደገና ከፈትኳቸው። ጭቃዬን ሳልታጠብ ስልኬ ጮኸ። ቮስሎሩስ ያለው ታምራት ዐረፈ። አብሮ አደጌ ነው፤ ሲታመም ከርሞ ነበር። እያለቀሰ ያረዳኝ ታናሽ ወንድሙ ዳዊት ነው። ሰው ሲሞትብህ ምን ታስባለህ? እንዳለሁ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ከሰዓት ሳይሆን እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

ድንኳን ተጥሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን እየዘመሩ ነው። ዳዊት ሲያየኝ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፣ አጠገቡ አስቀመጠኝና እጄን ያዘ። እንደያዘ ቀረ። ሰው ሊያጽናናው ሲመጣ በአንድ እጁ ያቅፋል፣ በሌላው እኔን ይዟል። ስምንት ሰዓት ሲሆን የድንኳኑ ብርሃን ጠቆረ። በስተ ምዕራብ ነጎድጓድ ተሰማ። የእኛ ጅረት ያለበት አቅጣጫ ነው።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። በግራ እጄ አወጣሁት።

"ማቴዎስ፣ ሰማዩን አየኸው?" አሉ ንታቴ።

"አይቼዋለሁ።"

"ዘግተሃል?"

"አዎ ንታቴ" አልኩ በሹክሹክታ፣ "ዘግቻለሁ።"

"ደግ" አሉና ዘጉት።

ለምን ዋሸሁ? ስንት ዓመት አሰብኩበት። ያን ጊዜ ለራሴ ያልኩት፣ እውነቱን ብነግራቸው በዚያ ደረታቸው ራሳቸው ይወርዳሉ ነው። ሰበብ ነው። ተነስቼ መሄድ እችል ነበር። ግን ምን ብዬ? ዳዊት እጄን ይዞ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ "ፋሮ ጋ ልሂድ" ልበል? ለአውሬ ብሎ ከለቅሶ ተነሳ ይሉኝ ነበር፤ ልጄ ሲዳርም ይነሳብኝ ነበር። አፈርኩ፣ በቃ። ይሉኝታ ይዞኝ ቀረሁ። ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድብ የመዝሙሩ ድምፅ ከፍ አለ፤ እኔም አብሬ እዘምራለሁ፣ ዓይኔ ላይ ግን ሳጥኖቹ ናቸው። ሰው ያየኝ ለታምራት የማለቅስ መስሎታል። ለእሱም ነበር።

በማግስቱ ሲነጋጋ ጅረቱ ጋ ደረስኩ። ጉም ነው፣ ጸጥታ ነው፣ ሣሩ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። የመጀመሪያውን ሳጥን በእጄ ዳብሼ አገኘሁት። ተዘግቷል። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። መዝጊያው ሽቦ ሁለት ጊዜ ወደ ግራ ተጠምዟል፤ እንዲያ የሚያደርግ ሰው አንድ ብቻ ነው። ስድስቱም ተዘግተዋል።

ሰባተኛው ከጅረቱ መታጠፊያ ወዲያ ማዶ ነበር። ውሃው መጥቶበት ሄዷል። ጆንያው የዛፍ ሥር ላይ ተጠምጥሟል። ውስጡ የሰጠመች ሴት ፋሮ አለች። አዘንብዬ ሆዷን አየሁ። ጡቷ ዙሪያ ጠጉር የለም።

እዚያው ጭቃ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ሲወጣልኝ ዝም አልኩ፤ ዝም ስል ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። ጉሙ ራሱ የሚያፏጭ ነበር የመሰለኝ። ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። በሆዴ ተስቤ ተከተልኩት። ከፍ ያለ ዳርቻ ላይ፣ ከሸምበቆው ሥር፣ ውሃው ያልደረሰበት ጎድጓዳ ውስጥ ሁለት ግልገሎች ተቃቅፈዋል። ዓይናቸው ገና መገለጡ ነው። ጃኬቴ ውስጥ ከተትኳቸውና ወደ ንታቴ ቤት ሮጥኩ። ለንታቴ ሳሳያቸው እውነቱን መናገሬ ነው፤ ሳላሳያቸው ደግሞ ግልገሎቹን በሕይወት ማቆየት አልችልም። መንገዱ አጭር ሆነብኝ።

በራቸው ላይ እርጥብ ሱሪ ተሰቅሏል። ቦት ጫማቸው ውሃው እንዲወጣ ተደፍቷል። ከውስጥ ሳሉ ይሰማል። አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠው ብርድ ልብስ ደርበዋል። አዩኝና የትላንቱን ጥያቄ እንደገና ጠየቁኝ።

"ዘግተሃል?"

"አልዘጋሁም ንታቴ። ዋሽቼዎታለሁ።"

"አውቃለሁ። በስልኩ ውስጥ ሰዎች ሲዘምሩና ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ወጥመድ አይዘጋም።" ሳሉ ያዛቸው፤ ጠበቅሁ። "ስድስቱን ዘጋሁ። ሰባተኛው ጋ ውሃው ደረቴ ደረሰ፣ ተመለስኩ።"

"ለማዳም ሪታ ቢደውሉላት ኖሮ በባኪዋ፣ በዚያች ፒክአፕ፣ ትደርስ ነበር!" አልኩ። እኔን ብሎ ጠያቂ!

"እደውል ነበር። አልዘጋሁም ብትለኝ ኖሮ ወዲያው እደውልላት ነበር። አንተ ግን ዘግቻለሁ አልከኝ። ለእሷ ምን ልበላት? ልጄ ዋሸኝ ልበላት?"

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌው እኔን ላለማሳፈር ብለው ነው ያንን ውሃ የገቡት። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ጃኬቴ ውስጥ ፉጨቱ ተሰማ።

"ስንት ናቸው?" አሉ።

"ሁለት።"

"በሩን ዝጋ፣ ብርድ ገባ።"

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንደ ረጅም ሕልም ነው የሚታየኝ። ንታቴ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሙቅ ውሃ ይሞላሉ፣ በጨርቅ ይጠቀልላሉ፣ ግልገሎቹን አጠገቡ ያስተኛሉ። የድመት ግልገል ወተት በጠብታ እንሰጣለን። ማውራት ክልክል ነው፣ መዳበስ ክልክል ነው፣ ስም ማውጣት ክልክል ነው። ስንነካቸው በጭቃ በተለወሰ ጓንት ነው። "እጅህን ከለመዱ ሞቱ" ይላሉ። አንዷ ግን በአራተኛው ቀን ሞተች። ንታቴ "ሼም፣ ሼም" እያሉ፣ እዚህ አገር ምስኪን እንደማለት ነው፣ በእጃቸው ይዘዋት ቆዩ። የወሩን ወረቀት ሲሞሉም እኔን አላስነኩም፤ በዜሮው ቦታ ለእናቲቱ በራሳቸው እጅ አንድ ብለው ጻፉና ፈረሙ። ፐርሚቱ በእሳቸው ስም ነበርና የተበላሸውም ስም የእሳቸው ነው።

ወንዱ ተረፈ። ሲያድግ ሳፋ ውስጥ ውሃና ድንጋይ አድርገን ሸርጣን ሰጠነው። መጀመሪያ ሸርጣኑ አፍንጫውን ይዞት ሲዞር እኔ በሳቅ ልፈነዳ ንታቴ አፌን አፈኑኝ። በስንተኛው ቀን፣ በሁለት የኋላ እግሮቹ ቆሞ ጧ! ሲያደርግ ተያየን።

ሥራዬን አልነጠቁኝም። ግን በየቀኑ፣ ሰማይ ጠራም አልጠራም፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮሃል። "ዘግተሃል?" "ዘግቻለሁ ንታቴ።" "ፎቶ ላክ።" ስልክ መንካት የማይወዱ ሰው ለእኔ ሲሉ ዋትሳፕ ተማሩ! ሰባት ሳጥን፣ ሰባት ፎቶ። አንዳንዴ ፎቶውን ልኬ ዳገቱን ስወጣ፣ ከላይ መንገዱ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው አገኛቸዋለሁ፤ ራሳቸው ሊያዩ መጥተው። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አገር ሁሉ ቢያምነኝ እሳቸው ካላመኑኝ ምን ዋጋ አለው? ወራት እንዲህ አለፉ።

ፋሮው የሚለቀቅበት ጠዋት ማዳም ሪታ ባኪውን ነዳች። ረግረጉ ጋ ስንደርስ ፀሐይ ገና ልትወጣ ነበር፤ ሣሩ ላይ ጤዛ፣ ውሃው ላይ ጉም። ንታቴ መውረድ አልቻሉም፣ በሩን ከፍተው ከመቀመጫቸው ሆነው ያያሉ። ሳጥኑን ዳር ላይ አስቀመጥኩና ከፈትኩት። አልወጣም። ላንቀሳቅሰው ስል "ተወው! ራሱ ይውጣ" ብለው ጮኹብኝ። ተውኩት። አፍንጫው ወጣ፣ ጢሙ ወጣ፣ ከዚያ አንድ እግሩን ውሃው ውስጥ ነከረ። ወዲያው ሸምበቆው ከፈት ብሎ ገጠመ። የቀረው ውሃው ላይ የተሰመረ አንድ መስመር ነው፤ እሱም ጠፋ።

ተመልሼ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

"ዞር ብሎ አየህ?" አሉኝ ንታቴ።

"አላየኝም።"

"እሰይ! ደህና አድርገን አሳድገነዋል።"

እውነቱን ልናገር፣ እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። መኪናው ሄደ፣ ሄደ። ዛንድስፕሩት መግቢያ ላይ ንታቴ ከተማው አናት ላይ ያለውን ደመና በዱላቸው አሳዩኝ።

"ዛሬ ከሰዓት ዝናብ አለ" አሉ። "አልደውልልህም።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጅረቱ ዳር ሰባቱንም ዘግቼ፣ ስልኬን በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ነጎድጓዱ መጣ፣ ዝናቡ መጣ፣ ጅረቱ ሞላ። ስልኩ አልጮኸም።